ርካሹ ዳይፐር ስንት ያስወጣችኋል?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ ዳይፐር ነው። አዎ፣ ስለ ዳይፐር። እየበላችሁ የምታዩን ካላችሁ ፖዝ አድርጉትና ስትጨርሱ ኑ።

ሁለት ፓክ ፊቴ አሉ። አንዱ 50 ፍሬ፣ 900 ብር እንበል። ሌላው 40 ፍሬ፣ 880 ብር እንበል። እንበል ነው ያልኩት! የሰፈራችሁን ዋጋ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይሄን አይታችሁ ሱቅ እስክትደርሱም ሊጨምር ይችላል። አካፍሉ። አንዱ 18 ብር፣ አንዱ 22 ብር። ርካሹ የቱ ነው? ባለ 18ቱ አላችሁ አይደል? ቆዩኝ። ባለ 18ቱ በቀን 8 ካስፈለገ 144 ብር። ባለ 22ቱ በቀን 6 ከበቃ 132 ብር። እኔ ዳይፐር የምገዛው በሰዓት ነው። ልጁን ስንት ሰዓት ደረቅ አድርጎ ያቆይልኛል? በቃ፣ ሒሳቡ ይሄ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? እስቲ የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ። ሚኒባስ ታክሲ። መገናኛ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሰልፉ ተጠማዟል። ታክሲ መጣ። በሩ አንድ፣ ሰዉ ብዙ። ጎበዝ ረዳት ከሆነ «ጠጋ ጠጋ፣ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ!» እያለ የመጨረሻውን ወንበር ሳይቀር ይሞላል። ሰነፍ ረዳት ከሆነስ? በሩ ጋ ግፊያ፣ ኋላ ባዶ። አይታችኋል አይደል? ዳይፐርም ረዳት አላት። ከላይኛው ጨርቅ ሥር ያለችው ስስ ሽፋን ናት፤ ሽንቱን ተቀብላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታከፋፍላለች። ሰነፍ ረዳት ያለበት ዳይፐር ፊቱ አብጦ ኋላው ደረቅ እንደሆነ ይጣላል። ግማሹን ሳትጠቀሙበት ጣላችሁት ማለት ነው።

አላበቃሁም። ወንበሩ ዳይፐሩ ውስጥ ያለው ሽንት መጣጭ ጄል ነው። ጄል ውስጥ የገባ ሽንት ወንበር ይዟል፣ ቀበቶ አስሯል፣ አይነሳም። ጥጥ የምንለው (ነገሩ ከእንጨት ነው የሚሠራው) እሱ ውስጥ ያለው ሽንት ግን ትርፍ ተሳፋሪ ነው። ትርፍ ታውቃላችሁ፤ አጎንብሶ ይጫናል፣ ምቾት የለውም። ልጁ ቁጭ ሲል ጥጡ ይጨመቃል፣ ከዚያ... «ወራጅ አለ!» የት? ሱሪው ላይ። ባለቤቴ ይቺን ምሳሌ ስጀምር ክፍሉን ለቆ ይወጣል፣ እናንተ ግን አላችሁልኝ።

ስለዚህ ወፍራም ዳይፐር ጥሩ ዳይፐር ነው አትበሉ። ውፍረቱ ትርፍ የጫነ ሊሆን ይችላል።

ጄሉ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው፣ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ኬሚስትሪ ተምራችኋል፣ እንለፈው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨው አይወድም። ንጹሕ ውሃ ሲሆን ብዙ ይጠጣል፣ ጨው ያለበት ሲሆን በጣም ያንስበታል። ሽንት ደግሞ ጨው አለው። ባዛር ላይ ሻጩ አንድ ሃይላንድ ውሃ ገልብጦ «ጠብ አይልም!» ሲላችሁ አጨብጭቡለትና እለፉ። ቤታችሁ ሞክሩት፤ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከዚያ 200 ሚሊ ሊትሩን ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ አፍስሱ፣ በየመሃሉ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ደረቅ ሶፍት አስቀምጡና በመዳፋችሁ ተጫኑት። ሁለቱን ዳይፐር እኩል ፈትኑ። ሶፍቱ ይነግራችኋል።

እሺ፣ አሁን ያቺ ጥያቄ። ባለፈው ስንት ሰው ጻፈልኝ፣ «ዳይፐር እግር ያወላግዳል፣ እናቴ አትጠቀሚ ብላኛለች»። እማማን አከብራለሁ፣ ግን አያወላግድም። ልጅ ሲወለድ ማህፀን ውስጥ ተጣጥፎ ስለኖረ እግሩ ጎበጥ ያለ ነው። እስከ ሁለት ዓመት ገደማ እየተስተካከለ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ በሦስትና በአራት ዓመቱ ጉልበቶቹ ይቀራረባሉ፣ ሰባት ዓመት አካባቢ ቀጥ ይላል። ዳይፐሩ በዚያው ዕድሜ እዚያው ስለተገኘ ነው የሚታማው! እኛ አገር ግን ሊያሳስባችሁ የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ሪኬትስ። በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት ለስልሶ እግር የሚጎብጥበት በሽታ ነው። ልጁን ፀሐይ አሙቁት፣ በመስታወት በኩል ግን አይሆንም፤ መስታወት የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። ሁለት ዓመት አልፎት ጉብጠቱ ከባሰ ወይም አንድ እግር ብቻ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዳይፐር ለመቀየር የነበረውን ብር ለትራንስፖርት አድርጉት።

ወደ ሱቅ እንመለስ። የሳይዙን ቁጥር ተዉት፣ ለስንት ኪሎ ልጅ እንደሆነ አንብቡ። የአንዱ 4 ቁጥር ከ9 እስከ 14 ኪሎ ይላል፣ የሌላው 4 ቁጥር ከ7 እስከ 18። ልጃችሁ ያው አንድ ልጅ ነው። የሚያፈስ ዳይፐርም ሁሌ መጥፎ አይደለም፤ ጭኑ ጋ ያለውን ሽብሽብ በጣታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው። ወንድ ከሆነ... ወደ ታች አስተካክሉለት፣ አባቶች ገብቷችኋል።

የእኔ ምርጫ? ሁለት ዓይነት መግዛት። ቀን ርካሹ፣ ሌሊት ደህናው። ቀን ላይ ካካ ባለ ቁጥር ወዲያው ትቀይራላችሁ፣ ከወርቅ ቢሠራም ይጣላል። አራስ ልጅማ ቶሎ ቶሎ ስለሚያስወጣ ብዙ ሰዓት የሚይዝ ዳይፐር ብክነት ነው፤ ለስላሳ ይሁን እንጂ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ 23 ኪሎ ሻንጣውን በዳይፐር አትሙሉበት፣ ቦታ ብቻ ነው የሚበላው።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏን ንኩልኝ፣ በሚቀጥለው ዋይፕስ ላይ እንመጣለን። እስከዚያ አዲስ ብራንድ ስትሞክሩ ትንሹን ፓክ ያዙ፤ ትልቁን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈተውን በሌላ ቁጥር ይቀይርላችሁ እንደሆነ ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁት።