ሰው ነው የሠራት በሏቸው

የተከበራችሁ አስጎብኚ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም መጣችሁ። ስለ መዋጮና ስለ መታወቂያ እንድናገር ነው የተጠራሁት፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከካይሮ ጉዟችን ወዲህ የሚከነክነኝን ልተንፍስ።

ታህሪር ያለው ሙዚየም ውስጥ ያቺን የድንጋይ ዕቃ ከበን የቆምንበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። የእንጀራ ምጣድ የምታህል፣ ከዳር እስከ ዳር 61 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዟ ሦስት ቦታ ላይ እንደ ቅጠል ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ መሐሏ ላይ ክፍት አንገት ያላት። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ዋልተር ኤመሪ በ1936 እ.ኤ.አ. ካይሮ አጠገብ ባለው በጥንቱ የመቃብር ስፍራ በሳቃራ፣ ሳቡ ከሚባል የጥንት ግብፅ ሹም መቃብር ተሰባብራ ያገኛት፣ 5,000 ዓመት ገደማ የሆናት ዕቃ ናት። አንዱ ጎብኚ ስልኩን ደቅኖ «ይሄን ሰው አልሠራውም፤ ከሰማይ የመጡ ናቸው» ሲል፣ የእኛው ሰው (ስም አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል) «እውነትህን ነው» አለው። እኔስ? ምሳ እንዳይረፍድብን ብዬ ዝም አልኩ። ሃያ ዓመት ያስጎበኘሁ ሰውዬ፣ ለአንድ ሳህን ሩዝ!

ከዚያው ከሳቃራ፣ ከንጉሥ ጆዘር ፒራሚድ ሥር፣ 40,000 ገደማ የድንጋይ ዕቃ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ከሰማይ ተጭኖ መጣ? በመዳብ ቱቦ፣ በባልጩትና በአሸዋ ነው የሠሩት። የመሰርሰሪያው እንጨት ላይ ድንጋይ ለክብደት ያስሩና ያዞሩታል፤ ድንጋዩን የሚበላው አሸዋው ነው። ሜረሩካ በሚባል የጥንት ግብፅ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ሠራተኞቹ ሲሰረስሩ ተቀርጸዋል። ግብፃውያን «የእጅ ሙያ» ብለው ሲጽፉ እንኳ ምልክቱ ያው መሰርሰሪያ ነበር! የሳቡ ዕቃ ለምን እንደምታገለግል ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ታዲያ አገልግሎቷ ስላልታወቀ ሠሪዋ ሰው መሆኑ ይካዳል?

ላሊበላ ላይ «ይሄንንማ ነጮች ናቸው የሠሩት» ሲሉን ደማችን ይፈላል። የመላእክቱን ትውፊት አልነካም፤ እሱም ቢሆን ሌሊቱን ለመላእክት ሲሰጥ ቀኑን ለጠራቢዎቹ ትቶላቸዋል። ለእኛ ጠራቢ የምንቆጣ ሰዎች የግብፁን ጠራቢ ለቪዲዮ አሳልፈን እንሰጣለን? ለጉርሻ?

መዋጮው ባለፈው የተወሰነው ነው። መታወቂያ ያላደሳችሁ ጸሐፊዋን አነጋግሩ። አንተ «እውነትህን ነው» ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ ስንወጣ ቡናው በእኔ ነው፤ መሰርሰሪያውን በወረቀት ስዬልህ መጥቻለሁ።