ከሐምሌ በፊት እንነጋገር

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮው ርእሳችን ለወጣት አርሶ አደሮች የሚሰጠው ድጋፍ እንዴት ይገመገም የሚለው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያጠናም የሚወስንም አለ። ሻይ ሰዓት ላይ ግን ለየብቻ ቆማችሁ ነው የማያችሁ።

በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ወጣቶች ተደራጁ፣ ብድሩም ወረደ። ሪፖርቱ ስንት ወጣት ተደራጀ፣ ስንት ብር ተሰራጨ ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከብት እያደለበ ያለው ማን ነው? ይህን የሚነግረን የለም። ሪፖርት ላይ ደህና የሆነ ማኅበር ቀበሌው ድረስ ሲሄዱ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል።

ተመራማሪው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔ መነሻው ምን እንደነበር የሚያሳይ መረጃ የለም። ልጁ ኑሮው ቢሻሻል በብድሩ ነው ወይስ አባቱ መሬት ስላካፈለው? ማን ያውቃል! ብድሩ ከመውረዱ በፊት ቢሆን ግን ነገሩ ቀላል ነበር። በጀት ለሁሉም ስለማይበቃ ሁሌም ተራ የሚጠብቅ አለ። መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ተራው በዕጣ ከወጣ፣ ዘንድሮ ያገኙትን ገና ከሚጠብቁት ጋር ማወዳደር ይቻላል። «ዘመድ ያለው ቀደመ» የሚለው ሐሜትም ይቀንሳል።

ቆጠራውም ራሱ ጣጣ አለው። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ፈንዱ ደግሞ ከ18 እስከ 34። ብዙ የግብርና መጠይቅ የሚሞላው በአባወራው ስም ነው። የ22 ዓመቱ ልጅ የአባቱን ማሳ እያረሰ በቁጥር አይታይም። እህቱማ ጭራሽ!

ተመራማሪዎች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ሶስና በዙና ስታይን ሆልደን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተጠየቁት የገጠር ወጣቶች ግብርናን መተዳደሪያዬ አደርጋለሁ ብለው ያቀዱት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትልቁ ማነቆ የመሬት እጦት ነው። መሬት የሌለውን ልጅ ብድር ብቻውን ገበሬ አያደርገውም ማለት ነው። ይህ ለሚወስን ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ የታተመው ግን በእንግሊዝኛ የምርምር መጽሔት ላይ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከየት ያገኘዋል? ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ጻፉለት። ቀመሩ ይቅርበት። ደግሞም የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ነሐሴ ላይ የመጣ ግኝት ምንም ቢያምር ዓመት ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ በየጠረጴዛው አንድ በጀት የሚያውቅና አንድ መረጃ የሚያውቅ ሰው አብረው ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ የምንፈልገው ከመጪው ሐምሌ በፊት መልስ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ውጤቱ «ድጋፉ አልሠራም» የሚል ቢሆን ማን ለማን እንደሚናገርም አሁኑኑ ተስማሙ። ይህ ቀድሞ ስላልተነገረ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ጥናት ስንት ነው!

ጉባኤው ተከፍቷል። መልካም ውይይት።