አይጥን ለየብቻ አንችላትም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

አዝመራው እየደረሰ ስለሆነ ነው የጠራናችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አይጥ ነው። አትሳቁ!

ከምትበላው ይልቅ የምታበላሸው ይብሳል። የጆንያውን ጥግ ትበሳለች፣ ጤፉ ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ጠዋት ሲጠረግ ከአፈርና ከአይጥ ኩስ ጋር ይቀላቀላል። የተረፈውን ገበያ ስትወስዱት ነጋዴው አንዴ ዘገን አድርጎ ያይና ዋጋ ይሰብራል። ብትጠግብም መቦርቦሯን አትተውም፤ የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ጋቢውንም ሳሙናውንም ትከረትፋለች።

ስለ በሽታው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ከእኔ ትበልጣለች። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። በአይጥ ሽንት ይተላለፋል፤ ሽንቷ የነካው ውኃ ወይም ጭቃ በእግር ቁስል በኩል ይገባል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የባት ሕመም ስላለው ወባ ይመስላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቤታችሁ አይጥ እንዳለ ተናገሩ። ማፈር የለም። ሕፃን በአይጥ ከተነከሰም ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ቶሎ ውሰዱት።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ገበያ ላይ ስም የሌለው ዱቄት በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። አይጥ ትንሽ ቀምሳ ካመማትና ከተረፈች ሁለተኛ አትነካውም። ዶሮዋ ግን ትለቅመዋለች። የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው! ድመቷ ከሞተች ደግሞ ማን ቀረላችሁ? ልጆች በሚደርሱበት ቤት ይህን ዱቄት አታስገቡ።

አንዱ ቤቱን አጽድቶ ጎረቤቱ ከተወው ድካሙ ከንቱ ነው። አንዲት አይጥ ሦስት ሳምንት አርግዛ ስድስት ሰባት ትወልዳለች፤ ልጆቿም በጥቂት ወራት ውስጥ ይወልዳሉ። የጎረቤት አይጥ ባዶውን ቤት ወዲያው ትሞላዋለች። ስለዚህ ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ ጎጡ በሙሉ በአንድ ቀን ይውጣ። በየጓሮው ያለውን ቁጥቋጦ እንመንጥር፣ ጉድጓዱን ቆፍረን እንድፈን፣ ወጥመዱንም አብረን እናጥምድ። የድንጋይ እርከኑን ዙሪያ እንዳትረሱ። እርከኑ አፈራችንን ይዞልናል፣ እናፈርሰዋለን አላልኩም፤ ግን በትግራይ የተጠኑ ማሳዎች ላይ እርከን በተቀራረበበት አይጥ በዝቶ ታይቷል። ይህም ከአጨዳ በፊት ይሁን፤ ዝናቡን ተከትላ ስለምትራባ ኋላ ብዛቷን አንችለውም። የታጨደውንም ክምር ላይ አታቆዩት፣ ቶሎ ውቁት።

ጎተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከግድግዳና ከዛፍም ይራቅ። በየእግሩ ላይ ቆርቆሮ እንደ ጃንጥላ ይደፋበት፤ አይጥ ብትወጣ እዚያ ስትደርስ ትመለሳለች።

ቆርቆሮና መቀስ ይዘን መጥተናል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጎተራ ላይ አሁን ገጥመን እናሳያችኋለን። የየጎጡ ተጠሪዎች ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ለዘመቻው የሚመቻችሁን ቀን አስመዝግቡ።