ማክዴቪድና ድራይሳይትል፦ አብረው ይሰለፉ ወይስ ይለያዩ?

[ስክሪን፦ የኤድመንተን አዳራሽ። ብርቱካናማና ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ።]

ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው ቪዲዮ ስለ አይስ ሆኪ ነው። "እኛና በረዶ ምን አገናኘን?" እንዳትሉኝ። ኤድመንተንና ካልጋሪ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጭቅጭቅ ሥራ ቦታ ሳትሰሙት አትቀሩም።

ኤድመንተን ኦይለርስ በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉ አጥቂዎች ሁለቱን ይዟል። አንዱ ካናዳዊው ኮነር ማክዴቪድ፣ ሌላው ጀርመናዊው ሊዮን ድራይሳይትል ነው። አሰልጣኙ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰልፋቸው ወይስ ይለያያቸው? ክርክሩ ዓመታት አስቆጥሯል። አሰልጣኝ ይመጣል፣ አሰልጣኝ ይባረራል፣ ክርክሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

[ስክሪን፦ ሜዳው ከላይ ሲታይ። ስድስት ነጥቦች አንድ በአንድ ይበራሉ።]

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ቶሎ ልበል። አንድ ቡድን በረዶው ላይ ስድስት ሰው ያስገባል፤ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። ሦስቱ አጥቂዎች፣ ማለትም የግራ ክንፍ፣ ሴንተርና የቀኝ ክንፍ፣ አንድ መስመር ይባላሉ። ለአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ 12 አጥቂ ይያዛል። ስለዚህ አራት መስመር አለ።

ቅያሪ እንደ እግር ኳስ በቁጥር አይገደብም። ጨዋታው ሳይቆም አጥሩን ዘልለው ይገባሉ፣ ዘልለው ይወጣሉ። አንድ ተጫዋች 45 ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይሉ ከሮጠ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ትንፋሹን ሊሰበስብ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ ቀጣዩ መስመር ይገባል።

አሁን አንድ ስሌት። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ማክዴቪድ በአማካይ 22 ደቂቃ አካባቢ ይጫወታል። ቀሪውን 38 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያያል። የዓለም ምርጥ የተባለው ሰው ማለት ነው! ይህችን 38 ደቂቃ ያዙልኝ።

[ስክሪን፦ "አብረው!" የሚል ጽሑፍ።]

"አብረው ይጫወቱ" የሚሉት ባዶ እጃቸውን አይደለም የሚከራከሩት። 2022ን ይጠቅሳሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ ላይ ድራይሳይትል ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነበር። መሐል ላይ እንደልቡ መሮጥ ስላቃተው አሰልጣኙ ጄይ ዉድክሮፍት ከማክዴቪድ ጎን ክንፍ ላይ አደረገው። ሦስተኛው ኢቫንደር ኬን ነበር። ከዚያ በተጋጣሚያቸው በካልጋሪ ቡድን ላይ የወረደውን መዓት አትጠይቁኝ። ድራይሳይትል በአምስት ጨዋታ 17 ነጥብ ሰበሰበ። ሆኪ ላይ ጎል ማግባትም፣ ለጎል አመቻችቶ ማቀበልም እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። በአንድ እግሩ ማለት ይቻላል፣ በየጨዋታው ከሦስት በላይ!

ቀጥሎ ግን ኮሎራዶ መጣ። ጥሎ ማለፍ ላይ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ ኮሎራዶ አራቱንም አከታትሎ አሸንፎ 4 ለ 0 ጠርጎ አስወጣቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ 8 ለ 6 ነው ያለቀው። ስድስት ጎል አግብቶ መሸነፍ ማለት ችግሩ ጎል ማግባት ላይ እንዳልነበር ይነግራችኋል።

[ስክሪን፦ "ይለያዩ!" የሚል ጽሑፍ።]

"ይለያዩ" ባዮች ደግሞ ወደ 2020 መግቢያ ይወስዷችኋል። የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ዴቭ ቲፕት ለድራይሳይትል የራሱን መስመር ሰጠው። በአንድ ጎኑ ራያን ኑጀንት ሆፕኪንስን፣ በሌላው ካይለር ያማሞቶ የተባለ ገና ከታችኛው ሊግ የመጣ አጭር ልጅ አደረገለት። መስመሩ ተቀጣጠለ። ድራይሳይትል የውድድር ዓመቱን በ110 ነጥብ ከሊጉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ የሊጉ ኮከብ የሚያስብለውን የሃርት ሽልማትም ወሰደ። ያለ ማክዴቪድ ምን ይሆናል ብለው የሚሰጉለትን አፋቸውን አስያዘ።

እኔ በግሌ ከእነዚህ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ግን የ110 ነጥቡ አይደለም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ሕግ አለ።

[ስክሪን፦ ጨዋታ ቆሟል። ዳኛው ወደ እንግዳው ቡድን ወንበር እያመለከተ ነው።]

ጨዋታ ሲቆም መጀመሪያ ሰው የሚያስገባው እንግዳው ቡድን ነው። ባለሜዳው ያንን አይቶ የራሱን ይመርጣል። የመጨረሻው ቅያሪ የባለሜዳው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኦይለርስ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ተጋጣሚው አሰልጣኝ ማክዴቪድ መግባቱን ያያል፣ ከዚያ የሚያንቀውን ሰው ይልካል።

ፍሎሪዳን እንውሰድ። የፍሎሪዳ ፓንተርስ ካፒቴን ፊንላንዳዊው አሌክሳንደር ባርኮቭ ነው። ለምርጥ ተከላካይ አጥቂ የሚሰጠውን የሴልኪ ሽልማት ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ሁለቱ የኦይለርስ ኮከቦች አንድ መስመር ላይ ከሆኑ የፍሎሪዳ አሰልጣኝ ሥራው ቀላል ነው። ባርኮቭን ይልካል፣ አለቀ። ከተለያዩ ግን ባርኮቭ አንድ ነው። አንደኛውን ሲጠብቅ ሁለተኛው ደከም ያለ ሰው ያገኛል። ለዚህ ነው የ38 ደቂቃዋን ነገር የያዝኩት። ማክዴቪድ ትንፋሹን ሲሰበስብ ድራይሳይትል እየሮጠ ከሆነ ተጋጣሚው መቼ ያርፋል?

"ታዲያ ሁለቱ ጨርሶ ላይገናኙ ነው?" ለምትሉ፣ ይገናኛሉ። ተጋጣሚ ተቀጥቶ በአንድ ሰው ሲጎድል፣ ፓወር ፕሌይ በሚባለው ሰዓት፣ ሁለቱም አብረው ይገባሉ። በ2022-23 የውድድር ዓመት ኦይለርስ ካገኘው ዕድል 32.4 በመቶውን ጎል አድርጎታል። በሊጉ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው።

ታሪክም ከእኔ ወገን ናት። በ1984 ኦይለርስ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ፣ የሊጉን ዋንጫ ማለት ነው፣ ሲያነሳ ዌይን ግሬትስኪና ያሪ ኩሪ አንድ መስመር ላይ ነበሩ። ማርክ ሜሲየር ሌላ መስመር ይመራ ነበር፣ የጥሎ ማለፉ ኮከብ የተባለውም እሱ ነው። በ2016 ፒትስበርግ ዋንጫ ሲወስድ ሁለቱ ኮከቦቹ ክሮዝቢና ማልኪን የየራሳቸው መስመር ነበራቸው። ጥሎ ማለፉ ላይ ከቡድኑ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ግን ከሁለቱ አንዱ አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ የነበረው ፊል ኬሰል ነው፣ በ22 ነጥብ።

[ስክሪን፦ የደመወዝ ሰንጠረዥ።]

ግን መለያየት በወሬ ብቻ አይሆንም። ሁለት መስመር ለመሥራት አራት ጥሩ ክንፍ ያስፈልጋል፣ ክንፍ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ለ2025-26 የውድድር ዓመት 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ድራይሳይትል 14፣ ማክዴቪድ 12.5 ሚሊዮን ይወስዳሉ። ከሩብ በላይ ለሁለት ሰው ሄደ። ማክዴቪድ ጎን ያለው ዛክ ሃይመን በ2023-24 54 ጎል አግብቷል። በድራይሳይትል ጎን ግን ክንፎች እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ይወርዳሉ፣ ይሳፈራሉ።

ኖቬምበር 2023 ላይ ክሪስ ኖብላክ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ መላ ዘየደ። ለያይቶ ይጀምራል፣ ጎል ሲቸግረው ያጣምራቸዋል። እኔም ይህ ይመቸኛል። ሁለቱን ማጣመር የመጨረሻ አሥር ደቂቃ መድኃኒት ይሁን እንጂ የየዕለት ቀለብ አይሁን። ቡድኑ በ2024 እና በ2025 ለፍጻሜ ደረሰ። ሁለቱንም በፍሎሪዳ ተሸነፈ። የመጀመሪያው ሰባተኛ ጨዋታ ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 ነው ያለቀው።

ሁለተኛው ያበሳጫል። ሃይመን ከፍጻሜው በፊት የእጁ አንጓ ወልቆ ወጣ። መስመሮቹ ከዚያ በኋላ አልረጉም። ፍሎሪዳ በበኩሉ ኮከቡን አጥቂ ብራድ ማርሻንድን ከሉንዴልና ከሉዎስታሪነን ጋር ሦስተኛ መስመር ላይ አስቀምጦት ነበር። ሦስተኛ! ማርሻንድ በዚያ ፍጻሜ ብቻ ስድስት ጎል አገባ። ኤድመንተን ሁለቱ ኮከቦች አብረው ይሁኑ ይለያዩ እያለ ሲከራከር፣ ከነሱ ኋላ የሚገባው ማን ነው የሚለውን ፍሎሪዳ ቀድሞ መልሶታል።

[ስክሪን፦ 2028።]

ማክዴቪድ ኦክቶበር 2025 ላይ የፈረመው ማራዘሚያ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ2028 ያበቃል። የድራይሳይትል ውል እስከ 2033 ይሄዳል። ሁለቱ አብረው መኖራቸው በውል የተረጋገጠው እስከ 2028 ብቻ ነው፤ ክንፍ የሚፈለግበት ጊዜ እንግዲህ ይኸው ነው።

እናንተ አሰልጣኝ ብትሆኑ እንዴት ታሰልፉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ጽፎ መሄድ የለም፤ አራቱንም ነው የምፈልገው።