ጠፋህ እኮ!

እሺ። ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ማይኩ እየቀዳ ነው። ዛሬም "15 ደቂቃ ብቻ" ብዬ እጀምራለሁ፣ ዛሬም እናንተ ትስቃላችሁ። የጎረቤት ዶሮ መሃል ላይ ከገባ ደግሞ አልቆርጠውም። በቃ፣ እሱም ባልደረባ ሆኗል።

ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም። የዕቁቡን ሰውዬ አገኘሁት።

አዎ፣ እሱን። ስንት ጊዜ የሳቅንበትን።

የካቲት 16 ነው፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። የእንጦጦን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። እማዬን ይዤ ነው የወጣሁት። እሷ ወደ ሴቶቹ ሄደች፣ እኔ ከኋላ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ታቦቱ ወጥቷል፣ እልልታው ቀልጧል። ከፊቴ አንድ ሰው ይሰግዳል። ባዶ እግሩን ነው። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ አፈር ገብቶበታል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። በልቤ "የታደለ" አልኩ። ቀናሁበት፣ እውነቴን ነው። እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው መኪናዬን ዘግተውብኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

ከዚያ ተነስቶ ዞር አለ። እሱ።

አየኝ። አየሁት። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን መዥረጥ አድርጌ "ሃሎ!" አልኩ። የደወለ ሰው የለም እኮ። "ሃሎ፣ አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ..." እያልኩ ወደ በሩ። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉና "ልጄ፣ ዝግ እኮ ነው" አሉኝ። አየሁት፣ ጥቁር ነው። ስገባ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።

የጎረቤት ዶሮ እዚያ አለመኖሩ በጀኝ።

የዋስነቱን ታሪክ ዳግመኛ አላነሳም ብዬ ምዬ ነበር። ግን ትንሽ ብቻ። 20 ሰው፣ በሳምንት 3,000 ብር። ሁለተኛው ዕጣ ለእሱ ወጣ፣ 60,000። ዳኛው "ዋስ?" ሲል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው የለም። የቀረውን 18 ሳምንት ከራሴ መዋጮ ላይ የእሱንም ደርቤ ከፈልኩ። 54,000 ብር። ማስያ አትክፈቱ፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

ዕብራውያን 7፥22 ላይ ስለ ኢየሱስ "ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆኖአል" ይላል። ስንት ዓመት አንብቤ አልፌዋለሁ። አሁን ግን "ዋስ" የሚለው ላይ ስደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል። ዋስ መሆን "አይዞህ" ማለት አይደለም። ባለዕዳው ሲጠፋ ሰው የሚመጣው አንተ በር ላይ ነው። እኔ የከፈልኩት ተገድጄ፣ እየተራገምኩ ነው። ከፍዬ ደግሞ ሰውየውን ፈለግሁት። በጣም ፈለግሁት! በፖሊስም በዘመድም። ሉቃስ 19 ላይ "የሰው ልጅ የጠፋውን ሊፈልግና ሊያድን መጥቶአልና" ይላል። ቃሉ ያው "መፈለግ" ነው። አማርኛ ደግሞ ጉድ ነው፣ አንድን ሰው ስታስስም "ፈለገው" ነው፣ አንተ እንድትኖርለት ሲሻህም "ፈለገህ" ነው። እኔ የፈለግሁት... በቃ፣ ብሬን ነው የፈለግሁት።

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ በሩ ጋ።

ከበሩ ሳልደርስ ስብከቱ ተጀመረ። ቀኑ የካቲት 16 አይደል፣ ያው የበላዔ ሰብእ፣ የሰው በላው፣ ታሪክ ነው። ሴት አያቴ ስትተርክልን 78ቱን ሰዎች እየቆጠረች የምትበላ ነበር የሚመስለው። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ አጠጣ። ሲሞት ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች፣ 78ቱ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበት፣ ውሃው ደፋ። እልል ይባላል። ልጅ ሆኜ ሥዕሉ ላይ ያቺን ሚዛን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። እኔም አንድ ቀን ለአንድ ሰው ውሃ ከሰጠሁ ተገላገልኩ ብዬ። ስንት ብርጭቆ ውሃ ለለማኝ እንዳዞርኩ እማዬ ትመስክር።

ዘንድሮ ግን እልልታው መሃል አንድ ሐሳብ መጣብኝ። 78ቱስ? እነሱን ማን ጠየቃቸው? ይሄን ስል እንደ መናፍቅ እንዳትቆጥሩኝ። የምሕረት ታሪክ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሒሳብ አይደለም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያን ታሪክ ስሰማ ራሴን የማስቀምጠው በበላዔ ሰብእ ቦታ ነው። ዘንድሮ ከተበሉት ጋር ቆሜ አገኘሁት ራሴን። በ54,000 ብር! አንድ ጣቴ እንኳን አልተነካም እኮ።

ይሄን እያሰብኩ ትከሻዬን አንድ እጅ ያዘው።

"አንተ! ጠፋህ እኮ!"

እሱ ነው። እኔን! "ጠፋህ እኮ" አለኝ።

ቆይ፣ ይሄን በደንብ እንየው። ሰላምታ ነው፣ ገብቶኛል። ሁላችንም ማክሰኞ ላገኘነው ሰው ዓርብ "ምነው ጠፋህ" እንላለን። ግን እሱ ለእኔ? መልሱ አፌ ላይ ነበር። "ማን ነው የጠፋው? ቁጠርልኝ፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምረህ!" ያን ሁሉ ጊዜ ሻወር ቤት ስለማመደው የኖርኩት ንግግር ነበር። ምን አልኩ?

"አለሁ።"

በቃ። "አለሁ፣ ሥራ ነው።" ድምፄ ራሱ የሰው ድምፅ መሰለኝ።

እሱ እጄን አልለቀቀም። መዳፉ ቆርፍዷል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሲያለቅስ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ጭሱ ነው። "ደውዬልህ ነበር፣ አይሠራም፣ ቁጥር ቀየርክ?" አለኝ። አልቀየርኩም። ብሎክ አድርጌዋለሁ። ያኔ ተናድጄ ነው ያደረግሁት፣ ከዚያም ረሳሁት። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ደውሎ ይሁን፣ ስንቴ ይሁን፣ ለምን ይሁን፣ ይቅርታ ሊል ይሁን ሌላ ዋስ ሊያደርገኝ... እንዴት አውቃለሁ?

ዘኬዎስን ሳስብ ነበር ከዚያ ወዲህ። የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ፣ አጭሩ። ሕዝቡ ስለበዛበት ማየት አቅቶት ሾላ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ለምን እንዳላሳለፈው አሁን የገባኝ ይመስለኛል። እነዚያ እኮ ያስከፈላቸው ሰዎች ናቸው! ሆን ብለው ነው ትከሻቸውን ያሰፉት። እኔ ብሆን ነጠላዬንም እዘረጋ ነበር። ጌታ ደግሞ ቀና ብሎ "ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና" አለው። ያን ጊዜ ዘኬዎስ ገና አንድ ሳንቲም አልመለሰም። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ያናደደኝ። መጀመሪያ ይመልስ፣ ከዚያ ይገባለት አይባልም? እኔ እጥፉም ይቅርብኝ፣ ዋናውን ብቻ።

ደግሞ ይሄን ስል ራሴን እሰማዋለሁ። ያ ታላቅ ወንድም፣ የጠፋው ልጅ ወንድም፣ "አንድ ጥቦት ስንኳን አልሰጠኸኝም" የሚለው። "ወንድሜ" አይልም፣ "ይህ ልጅህ" ነው የሚለው። እኔስ ስሙን ጠርቼው አውቃለሁ? እዚህ ማይክ ላይ "የዕቁቡ ሰውዬ" ነው። ቲሸርት እናሠራለት ብላችሁኝ ነበር እኮ።

እማዬ አንዴ የወርቅ ጉትቻዋ ጠፋባት። አንዷ ጆሮ። አልጋ ገለበጠች፣ ምንጣፍ አወጣች፣ ጥራጊውን ሳይቀር በወንፊት ነፋችው። በሦስተኛው ቀን አገኘችው። የት መሰላችሁ? ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ስፌት ውስጥ። ሦስት ቀን ሙሉ ላዩ ላይ እየተቀመጠች። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ሉቃስ 15 ላይ ያቺን ድሪም፣ የብር ሳንቲም፣ የጠፋባትን ሴት ሳነብ እማዬን ነው የማየው። ድሪሟ ቤት ውስጥ ናት። ሩቅ አገር አልሄደችም፣ አሳማ አልጠበቀችም። መጥፋቷንም አታውቅም... ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

እዚያ በር ላይ ቁጥሬን አልሰጠሁትም። "ያው ቁጥሬ ነው" አልኩት። ውሸት አይደለም። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ምናልባት ሰው እንዳያይ ነው። ስለ ገንዘቡ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እማዬ መጣችና "ማን ነው?" አለችኝ። "የማውቀው ሰው" አልኳት። መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆይታ "የማታውቀው ትመስል ነበር" አለች።

ትናንት ማታ ብሎኩን አነሳሁለት። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። ደቂቃም አልቆየሁም፣ መልሼ ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከፈትኩት። አሁን ክፍት ይሁን ዝግ ራሴም... ቆይ ልየው።

በሉ፣ ዶሮው ጀመረ። ሰማችሁት?