ከማሽኑ በፊት ጭነቱን እንይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ሹፌር አልባ መኪናና ስለ ድሮን እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ግን ከመኪናውም ከድሮኑም አልጀምርም። ከአንዲት ካርቶን ልጀምር።

ስምሪት ክፍል በምሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ማታ ስልክ ተደወለ። ራቅ ያለ ሆስፒታል አስቸኳይ መድኃኒት ይፈልጋል። ካርቶኗ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ግቢ ውስጥ የቀረው መኪና ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሥር ቶን የሚጭን። ሹፌሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ላክሁት። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ንጋት ላይ ደረሰ። መድኃኒቷ ደርሳለች፣ ተመስገን። የዚያ ሌሊት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለሁለት ኪሎ ዕቃ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ነዳጅና የአንድ ሰው እንቅልፍ ከፈልን።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ማሽን መጣ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማሽኑ አይደለም። ምን ሊጭን? ለማን? በየት በኩል? ዛሬ የመጣሁትም ይህንኑ ልነግራችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2016 ሩዋንዳ ውስጥ ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ደም በድሮን ማድረስ ጀመረ። ድሮኖቹ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። በማስወንጨፊያ ይነሳሉ። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ አያርፉም። ዝቅ ብለው ዕቃውን በወረቀት ፓራሹት ይጥሉና ይመለሳሉ። ሲመለሱም በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ገመድ ጭራቸውን ይዞ ያስቀራቸዋል። ሜዳ አያስፈልግም፣ መንደርደሪያ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የጭነቱ አመራረጥ ነው። እስቲ ደምን እንደ ዕቃ እንየው። ቀላል ነው። ግን ይበላሻል። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ 42 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ፕሌትሌት የሚባለው፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው። ዓይነቱም ብዙ ነው፤ ኤ አለ፣ ቢ አለ፣ ኤቢ አለ፣ ኦ አለ፤ እያንዳንዱ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው። መቼ እንደሚፈለግ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል ነው የሚታወቀው።

አሁን የአንድ ትንሽ ሆስፒታል ኃላፊ እናንተ ናችሁ እንበል። ሁሉንም ዓይነት ደም ብታከማቹ ጊዜው ያልፍና ይጣላል። ባታከማቹ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት አይኖርም። ሩዋንዳ ውስጥ ድሮኑ የፈታው ይህን ቋጠሮ ነው። ደሙ አንድ ቦታ ተከማችቶ ይቆያል፣ ሲጠራ ይሄዳል። በ2022 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ውጤቱን ለክቶታል። በድሮን የሚላከው ደም በመኪና ከሚላከው በአማካይ በ61 በመቶ ፈጥኖ ደርሷል። ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም ደግሞ በ67 በመቶ ቀንሷል።

ይህቺ ሁለተኛዋ ቁጥር ናት ለእኛ ለሎጂስቲክስ ሰዎች ትልቁን ነገር የምትነግረን። ድሮኑ የተካው መኪናውን ብቻ አይደለም። በየሆስፒታሉ መቀመጥ የነበረበትን ክምችት ጭምር ነው። ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ፍጥነቱን ያስባል። እኔ መጋዘኑን አስባለሁ።

ታዲያ ለምን ሁሉንም ዕቃ በድሮን አናደርስም? ክብደት አይፈቅድማ። በአየር ላይ ለመቆየት ብቻ ጉልበት ይጠፋል። ጭነት ስትጨምሩ ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ባትሪው ራሱ ደግሞ ክብደት ነው። አንድ የዕቃ ማድረሻ መኪና መቶ ፓኬት ይዞ ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ሲያዳርስ ይውላል። ድሮኑ አንድ ወይም ሁለት ይዞ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። ለሳሙናና ለጫማ ይህ ሒሳብ አያዋጣም። በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጠው የአማዞን ኩባንያ መሥራች ጄፍ ቤዞስ በ2013 መጨረሻ በቴሌቪዥን ቀርበው ድሮን በአራት በአምስት ዓመት ውስጥ ደጃፍ ድረስ ዕቃ ሊያመጣ እንደሚችል ተናግረው ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆየ። ዛሬም በዓለም ላይ አብዛኛው ፓኬት የሚደርሰው በመኪናና በሰው እጅ ነው።

ወደ ምድር እንውረድ። ሹፌር አልባ መኪና አዲስ ነገር ይመስለናል። የኔዘርላንድስ የሮተርዳም ወደብ ግን ኮንቴይነር የሚያመላልሱ ሹፌር አልባ ተሽከርካሪዎችን ሥራ ላይ ካዋለ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተጀመረው በ1993 ነው። በቺሊ የጋብሪዬላ ሚስትራል የመዳብ ማዕድን ማውጫ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ኮማትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ግዙፍ ገልባጮች ያለ ሹፌር አፈር ያመላልሳሉ። አንዱ የሚጭነው ወደ 300 ቶን ይጠጋል። ለምን እዚያ ተሳካ? መንገዱ የባለቤቱ ስለሆነ ነው። ሕፃን ኳስ ተከትሎ አይሮጥበትም። ብስክሌት አይገባም። ግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ የት እንዳለ ይታወቃል።

የሕዝብ መንገድ እንዲህ አይደለም። በ2004 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ በሞሃቬ በረሃ የሹፌር አልባ መኪኖች ውድድር አዘጋጀ። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። አንድም መኪና አልጨረሰም፤ የተሻለው የሄደው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዓመቱ አምስት መኪኖች ውድድሩን ጨረሱ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። ሰው በሌለበት በረሃ መሄድ አንድ ነገር ነው። ሰው መሀል መሄድ ሌላ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከባድ ነው። በመጋቢት 2018 በአሪዞናዋ ቴምፒ ከተማ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና በሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሯል። መኪናው ሴትዮዋን ያየው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት ነው። አይቷታል! ግን ምን እንደሆነች መወሰን አልቻለም። አንዴ መኪና ናት አለ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት። ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ወዴት እየሄደች እንደሆነ የያዘውን መረጃ ጥሎ ከአዲስ ይጀምር ነበር። ከፋብሪካው የመጣው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ደግሞ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጓል።

መሪው ጀርባ ሰው ነበረች። የተቀመጠችው ማሽኑ ሲሳሳት እንድትይዘው ነው። ምርመራው እንዳገኘው ስልኳን እያየች ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እሷን ይኮንናል። ጥፋት የለባትም አልልም። ግን ከአደጋው ከወራት በፊት በአንድ መኪና ሁለት ሆነው ይወጡ ነበር፤ ኩባንያው ወደ አንድ ቀነሰው። እስቲ አስቡት። ሰውን ብቻውን አስቀምጠን፣ ለሰዓታት ምንም ሳይፈጠር፣ ለአንዲት ሰከንድ ንቁ ሁን ስንለው። ማንም አይችለውም። የሌሊት ጥበቃ ያደረ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሻጭ መጥቶ «አይዟችሁ፣ የሚቆጣጠረው ሰው አለ» ሲላችሁ አትረጋጉ። ያ ሰው ስንት ሰዓት ይቀመጣል? ስንት ማሽን ያያል? ይህን ጠይቁ።

ሌላም አለ። ማሽን ግራ ሲገባው ምን ያደርጋል? በጥቅምት 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት እግረኛ በሰው የሚነዳ መኪና ገጭቷት ክሩዝ በተባለ ኩባንያ ሹፌር አልባ መኪና ፊት ወደቀች። መኪናው ገጫት፣ ቆመም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ መንገዱ ዳር ልውጣ ብሎ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ሴትዮዋን ከሥሩ እንዳለች 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ዳር መያዝ በሌላ ቀን ትክክል ነው። በዚያ ሰዓት ግን ማንኛውም ሹፌር ወርዶ ከመኪናው ሥር ያይ ነበር። ወርዶ ማየት። ቀላል ነገር ትመስላለች።

ይህን የምናገረው ማሽኑን ጠልቼ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይገድላል። ያን ሁሉ ሰው የገደለው ሮቦት አይደለም። ከጥፋቱ አብዛኛው የእኛ የሰዎቹ ነው፤ ፍጥነት፣ መጠጥ፣ ድካም። የማይደክም ሹፌር ቢገኝ ከማንም በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ፤ ሌሊት ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሼ መንገድ ያስገባሁ ነኝና።

ስለዚያ ሹፌር አንድ ነገር ልጨምር። ሲደርስ የሆስፒታሉ በር ዝግ ነበር። አንኳኳ፣ ጥበቃውን ቀሰቀሰ፣ ተረኛ ነርስ ፈልጎ ካርቶኗን በእጇ ሰጥቶ አስፈረመ። ይህ መንዳት አይደለም፤ ግን ሥራው ይህም ነው። በ2025 ኦሮራ የተባለ ኩባንያ በቴክሳስ ከዳላስ ሂውስተን ያለ ሹፌር ከባድ መኪና ማሰማራት ጀምሯል። ከሳምንታት በኋላ በተሽከርካሪው አምራች ጥያቄ አንድ ታዛቢ ተመልሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የተመረጠው ሥራ ግን ከጭነት ጣቢያ እስከ ጭነት ጣቢያ ያለው ረጅሙ አውራ ጎዳና ነው። እኔ እንደማየው ማሽኑ ቀድሞ የሚወስደው ያን አሰልቺ ርቀት ነው። ጫፍና ጫፉ፣ ሰው የሚያስፈልግበት፣ ለጊዜው ይቆያል። ሹፌሮቻችንን ለዚያ ሥራ ማዘጋጀት ያለብን አሁን ነው፤ የስንብት ደብዳቤ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ አይደለም።

ወደ ቢሮአችሁ ስትመለሱ ይህን ሥሩልኝ። ያለፈውን ዓመት የስምሪት መዝገብ አውጡ። ከሁለት ኪሎ በታች ሆነው፣ አስቸኳይ ሆነው፣ በትልቅ መኪና የሄዱትን በቀይ አስምሩ። በራሳችሁ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚመላለሰውን ጭነት በሰማያዊ። ከማሽን ሻጭ ጋር የምትቀመጡት ያን ወረቀት ይዛችሁ ይሁን። ቀይ መስመር ካልበዛ ድሮን አትግዙ። ከገዛችሁም ውሉ ላይ አንድ ነገር ይጻፍ፤ ማሽኑ በሌሊት መንገድ ላይ ቢቆም ስልክ የሚያነሳው ማን ነው፣ በስንት ደቂቃ ውስጥስ እዚያ ይደርሳል?

አመሰግናለሁ።