ከጫት በኋላ ውስኪ አይቀመስም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በጅማ በሚተላለፈው የጥያቄና መልስ ዝግጅት፣ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ውስኪን በቤት ውስጥ ስለ መቅመስና ስለ ማወዳደር አድማጮች በስልክ ካነሷቸው ጥያቄዎች የተወሰኑትን እናቀርባለን። መልስ የሰጡት የሆቴል መስተንግዶ አሠልጣኝ ሲሆኑ፣ የምርት ስም የሚጠሩት ለማስረዳት ብቻ መሆኑን አስቀድመው አሳስበዋል።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ብላክ ሌብል ሲንግል ሞልት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከልዩ ልዩ ማምረቻዎች የመጡ የብቅልና የሌላ እህል ውስኪዎች ድብልቅ ነው። ሲንግል ሞልት የሚባለው በአንድ ማምረቻ ከገብስ ብቅል ብቻ የተዘጋጀ፣ በስኮትላንድ ምድር በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት የቆየና የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ የማያንስ ነው።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ በቤቴ ለማወዳደር በምን ልጀምር? ብርጭቆ ከሌለኝ በብርሌ መቅመስ እችላለሁ?

መልስ፦ ብርሌው አንገቱ ጠባብ በመሆኑ መዓዛውን ይይዛል፤ ነገር ግን አፍንጫ አያስገባም። አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ለጅምር ሦስት ዓይነት ይበቃል፦ ስፔይሳይድ ከሚባለው የስኮትላንድ አካባቢ ቀለል ያለ፣ ለምሳሌ ግሌንፊዲች 12፤ ቀጥሎ ሼሪ የተባለ የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል የቆየ፣ ለምሳሌ ማካላን፤ በመጨረሻም ከአይላ ደሴት እንደ ላፍሮይግ ያለ ጢሳም። ጢሳሙ የግድ መጨረሻ ይሁን፤ አስቀድመው ከቀመሱት የቀሩትን ይሸፍንብዎታል። ብቅሉ ሲደርቅ ፒት የሚባል አፈር፣ ማለትም ረግረግ ውስጥ የተጠራቀመ የበሰበሰ ዕፅዋት፣ ስለሚጤስበት ነው እንዲያ የሚሸተው። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ የሚያውቅ ሰው፣ መዓዛው ሌላ ቢሆንም፣ ጢስ ለመጠጥ ጣዕም ምን እንደሚሠራ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከእያንዳንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ለክተው ይቅዱ እንጂ በዓይን አይገምቱ። ሦስቱ ሲደመሩ 45 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ ቅምሻ መሆኑ ቀርቷል። አፍዎን ከፈት አድርገው ከብርጭቆው አፍ ራቅ ብለው ያሽትቱ፤ ከቀመሱም በኋላ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው እንደገና ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የነበረ መዓዛ ይወጣል። በመካከሉ ዳቦና ውሃ ይውሰዱ። ዕጣን በሚጤስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል ግን አይሞክሩት፤ ጅማ ላይ ይህን መጠየቄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳይበሉም አይቅመሱ።

ጥያቄ፦ የጠቆረው ውስኪ የቆየው ነው?

መልስ፦ ቀለም አያታምንም፤ የካራሜል ማቅለሚያ መጨመር ይፈቀዳል። የሚታመነው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ነው፤ እሱም ውስጡ ካለው ሁሉ የትንሹን ዕድሜ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱን ባቆየው ይበስላል?

መልስ፦ አይበስልም። ቡሹን እንዳያበላሸው ግን አቁመው ያስቀምጡት።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ በርካሽ ያገኘሁት ጠርሙስ ማሸጊያው ላላ ብሏል፤ ሽታው ግን ደኅና ነው።

መልስ፦ አይቅመሱት። ሜታኖል የተቀላቀለበትን መጠጥ እኔም ሆንኩ እርስዎ በሽታና በጣዕም አንለየውም። ሕመሙም ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ምናልባትም በማግሥቱ ሊመጣ ይችላል። የቀመሰ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም ካስታወከ ጊዜ ሳያባክን ሆስፒታል ይሂድ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ከጓደኞቼ ጋር ስንቅም ውለን ማታ ለጨብሲ ውስኪ እናወዳድራለን። እኔ ግን ልዩነቱ አይገባኝም፤ ምላሴ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ምላስህን ተወው። ጫት አፍን ያደርቃል፣ ምሬቱም ይቆያል፤ ስለዚህ ስትቅም ውለህ ውድ ውስኪ መቅመስ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ስካሩን ይሸፍንብሃል እንጂ ከደምህ ውስጥ አልኮሉን አያወጣውም። ስለዚህ «አልሰከርኩም» እያልክ ትደግማለህ፣ ትሠልሳለህ። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሆድህ ባዶ ነው፤ በባዶ ሆድ ደግሞ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ጫቱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ባደረገበት ሰዓት መጠጥ ስትጨምርበት ልብህን በሁለት ወገን ታስጨንቃለህ። ምርቃናው ሲሰበር ያልተሰማህ ስካር በአንድ ጊዜ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሞተር ላይ፣ ሌላው ባጃጅ ውስጥ መሪ ይዞ ተቀምጧል። «ቡና ጠጥቼ እነዳለሁ» የሚለኝ አይጠፋም፤ ቡና የሰከረን ሰው ያነቃዋል እንጂ አያድነውም፤ ጉበት የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው። ጫትንና መጠጥን በአንድ ቀን አታገናኛቸው። ከመካከላችሁ 21 ዓመት ያልሞላው ካለ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለእሱ መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ለመተኛት የግድ መጠጥ የሚያስፈልግህ ከሆነ እኔ የምመልሰው ጥያቄ አይደለም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በማንኪያ ብቻ ብቀምስስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ማንኪያም ቢሆን አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።